ለኃላፊም ያልተከፈተው ሳጥን

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያስቸገረኝ ሽኝቱ አልነበረም። ሽኝቱማ ደስ ይል ነበር፤ ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ በቅጡ የማያውቁኝ ወጣት ሠራተኞች «የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር አባት» እያሉ አጨበጨቡልኝ። ያስቸገረኝ ክሊራንሱ ነው። በስሜ የተመዘገበውን ንብረት በሙሉ ለግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ለወይዘሮ ዓለሚቱ ማስረከብ ነበረብኝ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የተሰነጠቀው ፕሪንተር ሁሉም በሰላም አለፈ። መጨረሻ ላይ ከጥግ አቧራ የጠጣ ጥቁር ሰርቨር ጎትተው አወጡ።

«ይሠራል አይሠራም?» አለችኝ ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«እኔ እንጃ።»

«ጋሽ ከድር፣ በእርስዎ ስም ነው እኮ ያለው።»

«በስሜስ በስሜ ነው። ግን እኔንም አያስገባኝም ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝና የሽኝቱ ድካም መሰላት። ከዚያ «የማይሠራ» ብላ ጻፈች። ልከራከራት አሰብኩ፤ ምን ብዬ እንደምከራከር ግን አላወቅሁም። ያ ማሽን ሲሠራም ሳይሠራም ግራ ሲያጋባኝ ነው የኖረው። ጋቢዬን ለብሼ ወደ ቤቴ ስሄድ ሳስብ የነበረው ስለ እሱና ስለ ጋሽ ላፌቦ ነው።

እኔ የሆመቾ ልጅ ነኝ። አባቴ በጭነት መኪና ረዳትነት ሾኔን ወራቤን ሲያካልል ያደገ ሰው ነበርና፣ ልጁ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ እንዲይዝ ይመኝ ነበር። ታይፕ ተማርኩለት። መጀመሪያ ሆመቾ፣ ቀጥሎ ዱራሜ፣ ከዚያ ሆሳዕና ተመደብኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ደብዳቤ የሚያጽፍ አለቃ ነበረኝ፤ ሳያነብ የሚፈርም አለቃም ነበረኝ። ሁለቱም ይሻላሉ፤ እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ ከሚያስቀይር ሦስተኛ አለቃ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ከጀመርኩ ሌላ ነገር የማወራበት ጊዜ አይተርፈኝም።

ሆሳዕና ኮምፒውተር ሲገባ ታይፒስቶቹን ሰብስበው «ከእናንተ መካከል የማይፈራ ማን ነው?» አሉ። እኔ እፈራ ነበር። አጠገቤ የነበረች ልጅ ክርኔን ወደ ላይ ስለገፋችው ግን እጄ ወጣ። በዚህ መንገድ ነው የኮምፒውተር ባለሙያ የሆንኩት።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ላፌቦ ይባላል። የሌሞ ሰው ነው። ድሮ የስልክ ኦፕሬተር ነበር፤ ገመድ እየነቀለና እየሰካ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው አንዳንድ ልማድ ነበረው። ኪቦርድ ከመንካቱ በፊት ሰዓቱን አውልቆ ከጎኑ ያስቀምጣል። «ሰዓት እያየ የሚሠራ ሰው የተሳሳተውን ቀዳዳ ይሰካል» ይለኝ ነበር። ማሽኑ የሚጽፈውን የዕለት መዝገብ፣ እኛ ሎግ የምንለውን፣ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነበው፤ ያውም ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ፣ ለራሱ በሀዲይኛ እያንሾካሾከ። ነገር ሲበላሽም «ተበላሸ» አይልም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ «ማን ነው? ምኑን ፈለገ? ምን ሊያደርግበት?» እስክትመልስለት ድረስ ማሽኑን አያስነካህም።

ጥቁሩ ሰርቨር የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ከአንድ ቀጭን መሐንዲስ ጋር። ጣሪያችን ላይ ትልቅ ዲሽ ተተከለና የሆመቾ፣ የአንጋጫና የዱራሜ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በእኛ ማሽን በኩል ኢሜይል መላላክ ጀመሩ። ሰው የኢሜይል ሳጥኑን ሊከፍት ሲመጣ «ማነህ? ፓስወርድህስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ፕሮግራም ነበር። እኛ በረኛው እንለው ነበር። በረኛው ካላመነህ ኢሜይልህን አታይም።

እስከዚህ ድረስ ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ቀጣዩ ነው። መሐንዲሱ በረኛውን ራሱን በደንብ አጠረው። በረኛው የፓስወርዱን ፋይል ማንበብ ይችላል፤ ሌላ ምንም አይነካም። ሌላው ደግሞ፣ ሁሉን ማዘዝ በሚችለው ስም፣ የማሽኑ ጌታ ሆኖ የገባም ቢሆን፣ ያንን ፋይልም የሌላ ሰው ሳጥንም አይነካም። እያንዳንዱ ፋይልና እያንዳንዱ ፕሮግራም ምልክት አለው፤ የትኛው ምልክት የትኛውን መንካት እንደሚችል ደንቡ ይናገራል፤ ደንቡ ያላለው ሁሉ ክልክል ነው።

«የማሽኑ ጌታ እንዴት ይከለከላል? ጌታ ከሆነ ጌታ ነው» አልኩ።

ጋሽ ላፌቦ በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየኝ። ከሌሞ ሰው ጭነው የመጡ ጋሪዎች ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ያራግፋሉ።

«ጋሪው የማን ነው?» አለኝ።

«የሰውየው።»

«ፈረሱስ?»

«የራሱ።»

«አስፋልቱ ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም፤ ትራፊክ ይቀጣዋል።»

«ትራፊኩ ራሱ ጋሪ ቢኖረውስ?»

«እሱም አይወጣም።»

«በቃ እሱ ነው» አለኝ። እሱ በቃ ይበል እንጂ እኔ አልበቃኝም። ደንቡን የሚቀይር ሰው መኖር አለበት ብዬ መሐንዲሱን ጠየቅሁት። አለ፣ ግን የማሽኑ ጌታ አይደለም፤ ሌላ ስም ነው፣ ሌላ ፓስወርድ አለው፣ ሁለቱ አንድ ሰው እጅ ባይገቡ ይመረጣል አለኝ። «ለማን ልትሰጠው ነው?» ስለው ጋሽ ላፌቦን ይዞት ወደ ግቢው ወጣ። እዛ ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። ማታውን መሐንዲሱ በአውቶቡስ ሄደ። ያንን ሁለተኛ ፓስወርድ ይዞት ይሂድ፣ ለጋሽ ላፌቦ ይስጠው፣ ማንም የነገረኝ የለም፤ ደፍሬም አልጠየቅሁም።

ትልቁ ውድቀታችን የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። የትምህርት ዘመኑ ተጀምሮ አዳዲስ መምህራን ስለመጡ የፓስወርዱን ፋይል ማደስ ነበረብን። ጋሽ ላፌቦ አዲሱን ፋይል በራሱ ፎልደር ውስጥ ተረጋግቶ አዘጋጀና መሐንዲሱ ለዕድሳት ለአንድ ጊዜ ብቻ በተወልን ፈቃድ ወደ በረኛው ቦታ አዛወረው። ወዲያው ከሆመቾ እስከ ዱራሜ ሰው ሁሉ ፓስወርዱ እንቢ አለው። ፋይሉ ቦታው ላይ ነው። ባለቤቱ ትክክል ነው። ስሞቹ አንድም አልጎደሉም። በረኛው ግን አላነብም ይላል።

ሰዓቱን አወለቀ። ሎጉን ከታች ወደ ላይ አነበብነው። ማን ነው? በረኛው። ምኑን ፈለገ? የፓስወርዱን ፋይል። ምን ሊያደርግበት? ሊያነበው። ተከለከለ። ለምን? እዚህ ላይ ነው መላ ቅጡ የጠፋን። ፋይሉን ስንት ጊዜ እንዳየነው እንጃ፤ መጨረሻ ላይ ምልክቱን አየን። በሰው የግል ፎልደር፣ ማለትም በቤቱ፣ የተሠራ ፋይል የቤት ምልክት አለው። ኮፒ ብታደርገው የአዲሱን ቦታ ምልክት ይይዛል፤ ብታዛውረው ግን የቤቱን ምልክት ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ላፌቦ ኮፒ አላደረገም፤ አዛወረው። በረኛው ደግሞ የሰው ቤት ፋይል እንዳይነካ ታዟል።

ምክንያቱን ማወቃችን አልጠቀመንም። የአንድ ጊዜው ፈቃድ ስላለቀ፣ ምልክቱን ለመቀየርም በኮፒ ለመተካትም ስንሞክር ለእኛም ክልክል ነው አለን። መሐንዲሱ ጋ እንዳንደውል፣ መንገድ የሚሠራ ዶዘር የስልኩን መስመር በጥሶት ከተማው በሙሉ ስልክ አልነበረውም። ሞባይል ያን ጊዜ የትልልቅ ሰዎች ነበር። ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይጮህብናል። ጋሽ ላፌቦ ምሳ አይበላም፤ ሎጉን ብቻ ያነባል።

በዚያው ሳምንት አርብ ጠዋት ስገባ ጋሽ ላፌቦ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ሰዓቱ ከኪቦርዱ ጎን ነው። ኢሜይሉ ይሠራል።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«መሐንዲሱ ነገረኝ።»

«በምን?» ልለው አፌን ስከፍት አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። አስቴር ትባላለች፤ አንጋጫ የምታስተምር መምህርት ናት። ከአንጋጫ የመጣችው ኢሜይሏ እንቢ ስላላት ነበር። አሁን ተከፍቶላታል፤ የተከፈተላት ግን አዋሳ ለሚሰጥ ስልጠና የተላከላት ጥሪ ነው፤ መልስ መስጫው ቀን ደግሞ በዋዜማው አልፏል። ለዚያ ስልጠና ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። «ስሜንም ፓስወርዴንም አልረሳሁም ነበር እኮ» አለች፤ «እናንተው ናችሁ የረሳችሁኝ።» ጋሽ ላፌቦ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ከሄደች በኋላም ቆሞ ነበር። ልቤ ተሰበረ፤ ለእሷም ለእሱም።

ከዚያ ለትምህርት መምሪያችን አቶ ማቴዎስ የሚባሉ ኃላፊ መጡልን። ክፉ ሰው ነበሩ አልልም፤ ነገር የሚያስፈራቸው ሰው ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ የመምህራን ዕድገትና ዝውውር ለዘመድ ይሰጣል የሚል አቤቱታ ስም ሳይኖረው ክልል ደረሰ። አቶ ማቴዎስ የጻፈችው አስቴር ናት ብለው ቆረጡ። ማስረጃ ግን የላቸውም። ማስረጃ ካገኙ ከአንጋጫ አንስተው መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ እንደሚወረውሯት ቢሮው ሁሉ ያውቃል። የእሷ እናት ደግሞ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ጧሪያቸው አስቴር ብቻ ናት።

አንድ ቀን ጋሽ ላፌቦንና እኔን አስጠሩን።

«የዚችን መምህርት ኢሜይል ክፈቱልኝ» አሉ።

«በረኛው አይፈቅድም፣ አቶ ማቴዎስ» አለ ጋሽ ላፌቦ።

«የምን በረኛ?»

አስረዳቸው። እኔን ሲያስረዳኝ እንደነበረው ስለ ጋሪውና ስለ አስፋልቱ ነገራቸው። እሳቸውም እንደ እኔው ግራ ተጋቡ።

«ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ታዲያ እኔን የሚከለክለው ማን ነው?»

«ማንም አይደለም።»

«ማንም ካልሆነ ክፈተዋ!»

«ማንም ስላልሆነ ነው እኮ የቸገረኝ» አለ ጋሽ ላፌቦ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ስንወጣ አቶ ማቴዎስ ከኋላችን እያዩን ነበር።

በወሩ ግምገማ ተጠራ። ያን ዘመን የሠራ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገረው። ሁሉም አዳራሽ ይቀመጣል፣ አንዱ ሰው ይነሳል፣ ሌሎቹ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ይናገራሉ፣ በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ግለ ሂስ ያደርጋል። ጥፋት የለብኝም ማለት ራሱ ትልቅ ጥፋት ነበር። ከመግባታችን በፊት ጋሽ ላፌቦ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ስለ እኔ ከጠየቁህ የምታውቀውን ብቻ ተናገር።»

«ምን እንደማውቅ እኮ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እሱኑ ተናገር።»

አዳራሹ ውስጥ አቶ ማቴዎስ የአስቴርን ስም አላነሱም። «ሲስተሙን መቆጣጠር ያልቻለ ኃላፊ አለን» አሉ። ያንን የፓስወርድ ሳምንት አነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከድር፣ አብረኸው ነው የምትሠራው። ይህ ሰው የተዘጋውን መክፈት ይችላል አይችልም?»

ያ አርብ ጠዋት ትዝ አለኝ፤ ሰዓቱ ከኪቦርዱ ጎን፣ «መሐንዲሱ ነገረኝ» ማለቱ፣ የተበጠሰው ስልክ። ያኔ ነው ነገሩ የዞረብኝ። መሐንዲሱ በምን ነገረው? ወይስ ሁለተኛውን ፓስወርድ ራሱ ይዞት ነው? ይዞት ከሆነ ያን ሁሉ ቀን ምን ይጠብቅ ነበር? ምናልባት የዶዘሩ ሰዎች መስመሩን ሐሙስ ማታ ጠግነውት ይሆናል። እኔ ስልኩን አንስቼ አልሞከርኩም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እንዴት አታውቅም?»

«ሲከፍት አላየሁም።»

ወለም ዘለም እያልኩ መሰላቸው። እውነቴን ነበር። ጋሽ ላፌቦ ተነሳ። የስልክ ኦፕሬተር ድምፅ ነው ያለው፤ ሳይጮህ አዳራሹ ይሰማዋል።

«የተሰጠኝን አስተያየት ተቀብያለሁ» አለ። «ማሽኑን በሚገባ አላውቀውም። የአቅም ማነስ አለብኝ።»

ሰው ሁሉ ተንሾካሾከ። በዚያ አዳራሽ ሰው በሥነ ምግባር ይታማል፣ በአመለካከት ይታማል፤ እድሜ ልኩን በሠራበት ሙያ ላይ ራሱ ተነስቶ አልችልም ሲል ግን ሰምተን አናውቅም። ጡረታው ላይ ሲደርስ ከኃላፊነቱ አንስተው መዝገብ ቤት አስቀመጡት። እኔን በእሱ ቦታ ሾሙኝ። ሹመት እንዲህ አንጀት ያሳርራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ አቶ ማቴዎስ ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀመጡ። «አሁን ኃላፊው አንተ ነህ። ክፈት።»

የማሽኑ ጌታ ሆኜ ገባሁ። ሳላስበው ሰዓቴን አውልቄ ነበር። የአስቴርን ሳጥን ለመክፈት አዘዝኩ፤ ክልክል ነው አለ። ኮፒ ላደርገው ሞከርኩ፤ ክልክል ነው። ደንቡን ለማንሳት ሞከርኩ፤ እሱም ክልክል ነው። አስመስዬ አልነበረም የሞከርኩት፤ ፈርቼ ስለነበር የማውቀውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሎጉ ላይ የተከለከለው ሰው ማን ነው? እኔ።

«ማሽኑ ላይ ከአንተ በላይ ማን አለ?» አሉኝ አቶ ማቴዎስ።

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚፈቅደው?»

«ደንቡ።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«መሐንዲሱ።»

«እሱስ የት ነው?»

«ውጭ አገር ገብቷል ይባላል።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ውሸት የሚመስል ነገር እየፈለጉ ነበር፤ እኔ ግን ከእሳቸው የባሰ ግራ የገባኝ ሰው ነበርኩ፤ ያም ፊቴ ላይ ይነበባል። ማሽኑን ነቅለው አዲስ አበባ እንዳይልኩት የአራት ከተማ ኢሜይል ይቆማል፤ ለምን ተነቀለ ተብለው ይጠየቃሉ። ተነስተው ወጡ። እንደ ኃላፊዎች ሁሉ እሳቸውም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አስቴር አንጋጫ ቀረች፤ እናቷን እዚያው ጦራ እዚያው ቀበረች።

ጋሽ ላፌቦ መዝገብ ቤት ሆኖ ጡረታውን ጠበቀ። ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ስለ ማሽኑ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። በኋላ ሰው ሁሉ የራሱን ኢሜይል በስልኩ መክፈት ሲጀምር ጥቁሩ ሰርቨር ተዘጋ፤ ጥግ ተወረወረ፤ በስሜ እንደተመዘገበ ቀረ።

ክሊራንሴን ከጨረስኩ በኋላ አንጋጫ ለቅሶ ሄጄ አስቴርን አገኘኋት። ጠጉሯ ሸብቷል። ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሆዴን ጠየቅኋት።

«ያንን አቤቱታ የጻፍሽው አንቺ ነበርሽ?»

«ብጽፍማ በወረቀት ነው የምጽፈው፤ በእናንተ ማሽን ማን ያምናል?» አለችና ሳቀች። ጻፍኩም አልጻፍኩም አላለችም። «ምነው?»

«ኢሜይልሽን ሊከፍቱት ነበር እኮ።»

«የቱን ኢሜይሌን? ያ ስልጠና ካመለጠኝ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። የስልጠናውን ጥሪ በንዴት አጠፋሁት፤ ከዚያ በቀር ምንም አልነበረበትም። ባዶ ነው እኮ፣ ከድር።»

የለቅሶው ድንኳን ዞረብኝ። ጋሽ ላፌቦ ወንበሩን ያጣው፣ በሰው ፊት አልችልም ያለው፣ ለባዶ ሳጥን ነው? ከሆሳዕና ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ሌሞ ሄድኩ።

እንሰቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ሰዓቱ ግን እጁ ላይ ነው። ሚስቱ ቆጮና አይብ አቀረበችልን። ከበላን በኋላ ስንት ዓመት የያዝኩትን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ፓስወርድ አንተ ጋ ነበር?»

«ተገምግሜ የለም እንዴ?» አለ እየሳቀ። «አቅም የለውም ተብሎ ተወስኗል።»

«ቀልድህን ተው። መክፈት ትችል ነበር አትችልም?»

ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ያኔ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፤ ልቡ እንዲደነግጥ ፈልጌ ነው የነገርኩት።

«የአስቴር ሳጥን ባዶ ነበር! ራሷ ነገረችኝ። አንድ ፊደል አልነበረበትም። ያን ጊዜ ከፍተህ ብታሳያቸው ኖሮ እሷም ነፃ ትወጣ ነበር፣ አንተም መዝገብ ቤት አትወርድም ነበር። ይሄን አታውቅም ነበር?»

ሰዓቱን አወለቀ። ከትሪው ጎን አስቀመጠው። አንድ ነገር ሊከፍት የተዘጋጀ መሰለኝና ጠጋ አልኩ።

«ባዶ መሆኑን ለማወቅ እኮ» አለኝ፣ «መክፈት ነበረብኝ።»

ሰዓቱን መልሶ አሰረና ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ።